“ኤም ዜሮ” ስንል ምን ያህል ዜሮ ነው? የጡት ካንሰር ደረጃ አወሳሰን በፎገራና መሰል አካባቢዎች

በወረታ ገበያ ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ “አንድ ኩንታል ነው” የሚለውን ቃል ብቻ ሰምቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። በየትኛው ሚዛን እንደ ተመዘነ፣ ከተወቃ ስንት ቀን እንደ ሆነው፣ ደርቆ እንደ ሆነ ወይም ገና እርጥበት እንደ ያዘ ይጠይቃል፤ እፍኝ ዘግኖም ያያል። ይህ ነጋዴ የልኬትን ጽንሰ ሐሳብ ከመምህር አልተማረ ይሆናል። ነገር ግን እኛ የፊዚክስ መምህራን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቻችንን በቤተ ሙከራ ለማስጨበጥ የምንደክምበትን ቁም ነገር ጠንቅቆ ያውቀዋል። ይኸውም አንድ ቁጥር የተለካበት መሣሪያና የተለካበት ጊዜ አብሮት ካልተነገረ ሙሉ ቁጥር አለመሆኑ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የምፈልገው ጉዳይ ስለ ሩዝ ሳይሆን ስለ ጡት ካንሰር ደረጃ አወሳሰን ነው። ጸሐፊው ሐኪም አይደለም። ስለዚህ እንዴት እንደሚታከም ለማስተማር አይሞክርም። ይሁን እንጂ የበሽታ ደረጃ መወሰን ከሁሉ አስቀድሞ የልኬት ሥራ ነውና ልኬትን የሚያስተምር ሰው አስተያየት ቢሰጥበት ነውር የለበትም ብዬ አምናለሁ። ደግሞም በዚህ ልኬት ላይ የተንጠለጠለው የፈተና ውጤት ሳይሆን የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ሕይወት ነው።

በቅድሚያ ስለ በሽታው ስፋት ጥቂት እንበል። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ስለ እ.ኤ.አ. 2022 ባወጣው ግምት በዓለም ዙሪያ 2.3 ሚሊዮን ያህል ሴቶች በጡት ካንሰር ሲያዙ 670 ሺህ ያህሉ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። ለኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2020 የተሰጠው ግምት ደግሞ በዓመት 16 ሺህ ገደማ አዲስ ታማሚዎች የሚል ነው። ይህ ቁጥር በአብዛኛው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2011 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ላይ ነው። ስለ ፎገራ ገበሬ ሚስት የምናውቀው እንግዲህ ከአዲስ አበባ ነዋሪ ተነሥተን በስሌት የደረስንበትን ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ደጋግመው ታይተዋል። አንደኛ፣ በአገራችን በሽታው የሚገኘው በብዛት በአርባዎቹ ዕድሜ ባሉ፣ ልጆቻቸውን ገና ባላሳደጉ ሴቶች ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ከግማሽ የሚበልጡት ወደ ሕክምና የሚደርሱት በሽታው ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

“ሦስተኛ ደረጃ” የሚለው ቃል ከየት መጣ? ፒየር ደኗ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1952 ባሉት ዓመታት ማንኛውም ጠጣር ካንሰር በሦስት ፊደላት እንዲገለጽ የሚያደርግ ዘዴ አዘጋጀ። ቲ የዕጢውን መጠን፣ ኤን በአካባቢው ያሉትን የንፍፊት ዕጢዎች ሁኔታ፣ ኤም ደግሞ በሽታው ወደ ሩቅ አካላት መዛመት አለመዛመቱን ያመለክታሉ። ዓለም አቀፉ የፀረ ካንሰር ኅብረት ይህንኑ ተቀብሎ እ.ኤ.አ. በ1968 የመጀመሪያውን መጽሐፍ አሳተመ። ለጡት ካንሰር ሲተረጎም፣ ዕጢው እስከ 20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቲ 1፣ ከ20 በላይ እስከ 50 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቲ 2፣ ከ50 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቲ 3 ይባላል። መጠኑ ምንም ይሁን ምን ቆዳን ያቆሰለ፣ ቆዳውን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ያሳበጠ ወይም ከደረት ግድግዳ ጋር የተጣበቀ ከሆነ ቲ 4 ነው። በብብት ያለው ንፍፊት በጣት ሲነካ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኤን 1፣ እርስ በርሱ ወይም ከሥሩ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ ኤን 2፣ ከማጅራት አጥንት በላይ ወይም በታች ከተገኘ ኤን 3 ይሆናል። ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት ወይም አንጎል ላይ ከተገኘ ኤም 1፣ ካልተገኘ ኤም 0። እነዚህ ተደምረው ከአንድ እስከ አራት ያለውን ደረጃ ይሰጣሉ። ኤም 1 ከሆነ ሌላው ምንም ቢሆን አራተኛ ደረጃ ነው።

የዘዴው ውበት ቀላልነቱ ነው። እጅ፣ ዓይንና ማስመሪያ ያለው ሰው ቲን እና ኤንን በተወሰነ እርግጠኝነት መጻፍ ይችላል። ውስብስቡ ነገር ያለው እዚህ “በተወሰነ እርግጠኝነት” በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው።

እስቲ ቲን እንመልከት። ዕጢን በእጅ ዳስሶ መለካት ማለት በላዩ ካለው ቆዳና ስብ ጋር አብሮ መለካት ማለት ነው። ሁለት መርማሪዎች አንዲትን ሴት በአንድ ቀን ቢመረምሩ የአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቢያሳዩ የሚያስገርም አይሆንም። አልትራሳውንድ በዚህ ረገድ እጅግ የተሻለ ነው። ድምፅ በሰውነታችን ለስላሳ ክፍል ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የመሣሪያው ድግግሞሽ 10 ሚሊዮን ኸርዝ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት 0.15 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስለሆነም ሚሊ ሜትርን መለየት ለዚህ መሣሪያ ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ ዕጢ 47 ወይም 53 ሚሊ ሜትር መሆኑ ደረጃውን ከሁለት ወደ ሦስት ሊያሻግረው ስለሚችል (ንፍፊት ካለ ያሻግረዋል) ሐኪሙ በመዝገቡ ላይ “5 ሴ.ሜ.” ብሎ ብቻ ከመጻፍ “5 ሴ.ሜ.፣ በእጅ” ወይም “47 ሚ.ሜ.፣ በአልትራሳውንድ” ብሎ ቢጽፍ ሁለት ቃል ጨምሮ ብዙ እውቀት ያስቀምጣል።

ከመሣሪያው ይበልጥ ግን ቲን የሚያዛባው ጊዜ ነው። ዕጢ ሕያው ነገር ነውና በእያንዳንዱ ሳምንት ራሱን ይለውጣል። ለስሌት እንዲመቸን ይዘቱ በ100 ቀን እጥፍ የሚሆን ዕጢ እንውሰድ። አንዳንዱ ከዚህ እጅግ ይፈጥናል፣ አንዳንዱም ይዘገያል፤ 100 ቀን ግን ከእውነታው የራቀ አይደለም። ዲያሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድቡልቡል ዕጢ 4.2 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ይዘት አለው። ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ይዘቱ 65 ይደርሳል። ዲያሜትሩ በ2.5 ሲባዛ ይዘቱ በ2.5 ኩብ፣ ማለትም በ15.6 ተባዛ። ይህ ወደ አራት እጥፋቶች ስለሚጠጋ ዕጢው ከቲ 1 ጫፍ እስከ ቲ 2 ጫፍ ለመድረስ 400 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። አሁን ዕጢዋ 4.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንዲት ሴት መጀመሪያ ከታየችበት ቀን ጀምሮ የምርመራ ውጤት እስክታገኝ 60 ቀን ቆየች እንበል። በ60 ቀን ውስጥ ይዘቱ 1.5 ጊዜ ያህል፣ ዲያሜትሩም 1.15 ጊዜ ያህል ያድጋል። 4.5 የነበረው 5.2 ሆነ፤ ቲ 2 የነበረው ቲ 3 ሆነ። በመዝገቡ ላይ የሰፈረው ደረጃ ግን የመጀመሪያው ቀን ይሁን የመጨረሻው ቀን ማንም አይጠይቅም።

የ60 ቀኑን አኃዝ ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው ዓለም አቀፍ የጡት ካንሰር መርሐ ግብር አገሮች እንዲደርሱባቸው ያስቀመጣቸው ግቦች ሦስት ናቸው። ከታማሚዎች ቢያንስ 60 በመቶው በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳሉ እንዲገኙ፣ ምርመራው በ60 ቀን ውስጥ እንዲጠናቀቅና ቢያንስ 80 በመቶው ሕክምናቸውን እንዲፈጽሙ። በፎገራ ሜዳ ላይ 60 ቀን ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲፈሱ፣ ጣናም ዳርቻውን ሲያልፍ፣ እንደ ናበጋ፣ ዋገጠራና ሺና ያሉ ቀበሌዎች ከውኃ ጋር ይፋጠጣሉ። ወቅቱ ደግሞ የሩዝ አረም ጊዜ ነው፤ ሴቶች ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብለው ውኃ ውስጥ ይውላሉ። ሕመም የሌለው እብጠት በዚህ ወቅት የማንን ቀልብ ይስባል? በመጀመሪያው ጊዜ የጡት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ክፋቱም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች አስቀድመው ጠበል ይሄዳሉ፣ የባህል ሐኪምም ያማክራሉ። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም። ሰው አስቀድሞ የሚሄደው ወደሚቀርበውና ወደሚያምነው ቦታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተከሰተው ግጭት ደግሞ መንገዱን የባሰ አርዝሞታል።

ወደ ኤን እንለፍ። በብብት ውስጥ ንፍፊት በእጅ ሲፈለግ መርማሪው አላገኘሁም ቢል ምን ያህል እንመነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1971 የተጀመረ አንድ ታዋቂ ጥናት ለዚህ መልስ አለው። በእጅ ሲመረመሩ ንፍፊት ያልተገኘባቸውና ብብታቸው በቀዶ ሕክምና ከተጸዳላቸው ሴቶች መካከል 40 በመቶ ያህሉ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ስለሆነም “ኤን ዜሮ፣ በእጅ” የሚለው ውጤት ከአምስት ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው ማለት ነው። አስደናቂው ነገር ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ብብታቸው ሳይነካ በክትትል ብቻ የቆዩት ሴቶች ዕድሜ ብብታቸው ከጸዳላቸው ያነሰ ሆኖ አልተገኘም። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ። ስሕተት ያለበት ልኬት ሁሉ ጉዳት ያለው ልኬት አይደለም። ስሕተቱ ውሳኔን የሚለውጥ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። የመሣሪያ እጥረት ባለበት አገር ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ርእሳችን ወደ ኤም ዜሮ ደርሰናል። ሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት ሐኪሙ ታማሚዋን ጠይቆና መርምሮ የመዛመት ምልክት ካላየ “ኤም ዜሮ” ብሎ መጻፍ ይችላል፤ ራጅም ሆነ ሲቲ ስካን ግዴታ አይደለም። ቀድሞ “ኤም ኤክስ” የሚል ምልክት ነበረ፤ ትርጉሙም “አልተመረመረም፣ ስለዚህ አይታወቅም” ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ሰባተኛ እትም ይህ ምልክት ተሰረዘ። ምክንያቱ ከንቱ አልነበረም። ኤክስ የተጻፈባት ሴት ደረጃ አልባ ሆና ትቀር ነበር፤ ለመዝገብም ለሕክምናም አትመችም ነበር። ደግሞም ዕጢዋ አንድ ሴንቲ ሜተር ተኩል ለሆነ፣ ምንም ምልክት ለሌላት ሴት ሲቲ ስካን ማድረግ ገንዘብና ጨረር ማባከን መሆኑ በጥናት የታወቀ ነው። በአንደኛ ደረጃ ላይ ካሉት ሴቶች መካከል በምርመራ ድብቅ መዛመት የሚገኝባቸው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ሆኖም ይህ ደንብ የተጻፈው አብዛኞቹ ታማሚዎች በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ላይ ለሚገኙበት አገር ነው። በሦስተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ሴቶች ሲመረመሩ ድብቅ መዛመት የሚገኝባቸው ከመቶ ወደ አሥር ይጠጋሉ፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋሉ። ይህ በፕሮባብሊቲ ትምህርት የምናውቀው የቤይዝ ሕግ ነው። ያው አንድ ምልክት፣ ያው አንድ “አላየሁም” የሚል መልስ፣ አስቀድሞ በነበረው ዕድል ላይ ተመሥርቶ የተለያየ ትርጉም ይይዛል። በቦስተን ለምትኖር ዕጢዋ ትንሽ ለሆነ ሴት በእጅ ብቻ የተወሰነ ኤም ዜሮ እውነተኛ ዜሮ ነው ቢባል ብዙም አያሳስትም። ዕጢዋ ሰባት ሴንቲ ሜትር ለሆነና ንፍፊቷ ለተጣበቀ የፎገራ ሴት ግን ያው ምልክት “አልፈለግንም” ከማለት ብዙ አይርቅም። በወረቀት ላይ ግን ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው።

በእኛ ሙያ ዜሮን በዚህ መንገድ መጻፍ የተከለከለ ነው። የኒውትሪኖን ግዝፈት ለመለካት በጀርመን አገር የተሠራ ግዙፍ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱን ሲያሳውቅ “ግዝፈቱ ዜሮ ነው” አላለም፤ “ከ0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ያነሰ ነው” አለ። መሣሪያው ከዚያ በታች ማየት ስለማይችል ነው። የደረት ራጅም እንዲሁ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰን የሳንባ እባጭ በቀላሉ ይስታል። አንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይመስላል እንጂ በውስጡ ከመቶ ሚሊዮን እስከ ቢሊዮን የሚቆጠሩ የካንሰር ሕዋሳትን ይይዛል። ሲቲ ስካን ጥቂት ሚሊ ሜትር ድረስ ይወርዳል፤ ከዚያ በታች እርሱም ዕውር ነው። ስለዚህ እውነተኛው አጻጻፍ “ኤም ዜሮ” ሳይሆን “በዚህ መሣሪያ እስከዚህ ድረስ ፈልገን አላገኘንም” የሚለው ነው።

ይህ አዲስ ሐሳብ እንዳልሆነ ስረዳ እጅግ ተደስቻለሁ። በቀደሙት የቲ-ኤን-ኤም እትሞች ውስጥ “የእርግጠኝነት መለኪያ” የሚባል፣ መጠቀም በፈቃደኝነት የሆነ ምልክት ነበረ። ከሲ 1 እስከ ሲ 5 ይደርሳል። በዓይን፣ በእጅና በተራ ራጅ ብቻ የታወቀ ነገር ሲ 1፣ በልዩ መሣሪያዎች የታወቀ ሲ 2፣ በቀዶ ሕክምና ታይቶ የታወቀ ሲ 3፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሲ 4፣ ከሞት በኋላ በአስከሬን ምርመራ የተረጋገጠ ሲ 5 ይባላል። ብዙዎች ሳይጠቀሙበት ቀሩ። በሀብታም አገሮች ሁሉም ሰው ሁሉም መሣሪያ ስላለው ምልክቱ ትርፍ ጽሑፍ ሆኖ ቢታይ አይገርምም። ለእኛ ግን የተሠራ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ተጨምቆ ሲቀርብ ይኸው ነው። ይህ ምልክት፣ ወይም እርሱን የመሰለ፣ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የካንሰር መዝገብ ላይ ተመልሶ ይግባ።

“ምን ለውጥ ያመጣል?” የሚል ይኖራል። አንዱን ለውጥ ለማሳየት ወደ ክፍል ልውሰዳችሁ። በክፍል ሀ ሦስት ተማሪዎች አሉ፤ ውጤታቸው 90፣ 80 እና 60 ነው። በክፍል ለ ያሉት ሦስቱ ደግሞ 50፣ 40 እና 30 አገኙ። የሀ አማካይ 76.7፣ የለ አማካይ 40 ነው። አሁን 60 ያገኘውን ተማሪ ከሀ ወደ ለ እናዛውረው። የሀ አማካይ 85 ሆነ፤ የለ አማካይም 45 ሆነ። ሁለቱም ክፍሎች አደጉ! አንድም ተማሪ ግን አንዲት ነጥብ አልጨመረም። በካንሰር ጥናት ውስጥ ይህንኑ ክስተት እ.ኤ.አ. በ1985 ፋይንስታይንና ባልደረቦቹ አሳይተውታል፤ ስሙንም በአንድ አሜሪካዊ ቀልደኛ ስም “የዊል ሮጀርስ ክስተት” ብለውታል። ሲቲ ስካን የገዛ ሆስፒታል ድብቅ መዛመት ያለባቸውን ሴቶች ከሦስተኛ ደረጃ ወደ አራተኛ ያዛውራል። በዚህም የሦስተኛው ደረጃ ሴቶች በአማካይ ዕድሜያቸው ይረዝማል፤ የአራተኛውም እንዲሁ። አንዲት ሴት እንኳ አንዲት ቀን አልጨመረችም። እንግዲህ መሣሪያ ያለውን የአዲስ አበባ ሆስፒታል በደረጃ ሦስት ካለው የሕሙማን ዕድሜ አንጻር ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር ሆስፒታል ጋር አወዳድሮ “የክልሉ ሐኪሞች ደካሞች ናቸው” ብሎ መደምደም ከባድ ግፍ ነው። ልዩነቱ ከሕክምናው ይሁን ከአመዳደቡ የሚለየው የእርግጠኝነት ምልክቱ ሲኖር ብቻ ነው።

ሌላኛው ለውጥ ገንዘብን የሚመለከት ነው። ለወረታ አካባቢ አንድ ነገር ግዙ ብባል ሲቲ ስካን አልልም። የአጥንት ስካን የሚባለውንም አልልም፤ እርሱን ፊዚክስ ራሱ ይከለክለዋል። ለዚያ ምርመራ የሚያገለግለው ቴክኒሺየም 99 ኤም ግማሽ ዕድሜው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ተዘጋጅቶ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከ12 ሰዓት በኋላ ቢደርስ ከመነሻው አንድ አራተኛው ብቻ ይቀራል። እኔ የምገዛው ፎርማሊን ነው። አንባቢ ይሳቅ ይሆናል፤ ነገር ግን ሒሳቡን እንመልከተው።

ለውሳኔ እጅግ ጠቃሚ ከሆኑት እውቀቶች አንዱ ዕጢው የኤስትሮጂን ተቀባይ ያለው መሆን አለመሆኑ ነው። በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ከታማሚዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ይህ ተቀባይ እንዳላቸው አሳይተዋል። ለእነዚህ ሴቶች ታሞክሲፌን የተባለ ርካሽ እንክብል ለአምስት ዓመት ቢወሰድ በበሽታው የመሞትን ዕድል በአንድ ሦስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ኪኒን ነው፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፣ ጨረር አይፈልግም፣ ጎርፍም አያግደውም። ጡቷ ላይ ምን ዓይነት ዕጢ እንዳለ ለማወቅ ግን ከዕጢው የተቆረጠ ናሙና በአንድ ሰዓት ውስጥ በተገቢው ፎርማሊን ውስጥ ገብቶ ከ6 ያላነሰ፣ ከ72 ያልበለጠ ሰዓት መቆየት አለበት። ዘግይቶ ከገባ ወይም የፎርማሊኑ ጥራት ካነሰ ተቀባዩ እያለ “የለም” የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። ያን ጊዜ ሴትዮዋ የሚጠቅማትን ርካሽ መድኃኒት ትከለከላለች። ናሙናው ከወረታ ባሕር ዳር ለመድረስ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከ72 ሰዓት ውስጥ በቀላሉ ይገባል። የሚያስፈልገው ንጹሕ ጠርሙስ፣ የሰዓት ምልክት፣ የሚያደርሰው ሰውና ደርሶ ተራ የማይጠብቅበት ላቦራቶሪ ነው። ብዙ ጊዜ በመርፌ ተስቦ የሚደረገው የሕዋስ ምርመራ ፈጣንና ርካሽ ነው፤ ካንሰር መሆኑን ይናገራል፣ የተቀባዩን ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነግረንም።

እዚህ ላይ ከዓለም አቀፉ ደንብ ጋር የምንገናኝበት አንድ ሌላ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የአሜሪካው ስምንተኛ እትም የሆርሞን ተቀባዮችን፣ ኸር 2 የተባለውን ፕሮቲንና የሕዋሳቱን የክፋት መጠን ከደረጃው ጋር ቀላቅሎታል። እነዚህን መመርመር ለማይቻልባቸው አገሮች ደግሞ የድሮውን፣ በቲ፣ በኤንና በኤም ብቻ የሚሠራውን ሠንጠረዥ ትቶላቸዋል። ስለሆነም ዛሬ በዓለም ላይ “ሁለተኛ ደረጃ” የሚሉት ቃላት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በማስመሪያ የተጻፈው የእኛ ሁለተኛና በላቦራቶሪ የተጻፈው የእነርሱ ሁለተኛ በአንድ ገበያ ላይ እንደ አንድ ኩንታል ይሸጣሉ። ለድሆች አገሮች መዝገብ ተብሎ በቅርብ ዓመታት የተዘጋጀው “መሠረታዊ ቲ-ኤን-ኤም” ከመዛመት ጀምሮ ወደ ንፍፊትና ወደ ዕጢ እየወረደ መዝገብ ያዡን በቀላሉ የሚመራ መልካም ሥራ ነው። እርሱም ቢሆን በምን ታወቀ የሚለውን ጥያቄ አይመልስም።

ሐኪም ወዳጆቼ ሁለት ተቃውሞ ያቀርባሉ ብዬ እጠብቃለሁ። የመጀመሪያው የሥራ ጫና ነው፤ በአንድ ጠዋት ስልሳ ሰው ለሚያይ ሐኪም ተጨማሪ ቅጽ መሙላት ቅንጦት ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህም ቅጽ እንዲጨመር አልጠይቅም። ባለው ወረቀት ላይ ከእያንዳንዱ ፊደል አጠገብ አንድ አኃዝና አንድ ቀን ይጻፍ። “ቲ 2፣ ሲ 2፣ ግንቦት 6” ለመጻፍ አምስት ሰከንድ አይፈጅም። ይህን ለመጀመር የአገር አቀፍ ውሳኔ መጠበቅም አያስፈልግም፤ አንድ ሆስፒታል ነገ ሊጀምረው ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል። “ሕክምና በሌለበት ስለ ደረጃ ጥራት መጨቃጨቅ ምን ይፈይዳል?” የሚል ነው። ለረጅም ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ በጀመረው የጥቁር አንበሳ ኮባልት መሣሪያ ብቻ እንደ ነበረና ተራ ለማግኘት ወራት ይጠበቅ እንደ ነበር የሚታወቅ ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን የመሳሰሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች አገልግሎቱን ጀምረዋል። ነገር ግን ሕክምና ጠባብ በሆነ ቁጥር ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ይበልጥ ከባድ ይሆናል፤ ያንን ጥያቄ የሚመልሰው ደግሞ ደረጃው ነው። ኤም ዜሮ ተብላ ጡቷ ተቆርጦ፣ ያላትን በሬ ሸጣ ወደ አዲስ አበባ ከወጣች በኋላ በጉበቷ ላይ በሽታ የተገኘባት ሴት በደረት ራጅና በሆድ አልትራሳውንድ በአንድ ጠዋት ሊታወቅ የሚችል ነገር በሬዋን አስከፍሏታል። በተቃራኒው ደግሞ ጀርባዋን ስላመማት ብቻ “ተዛምቷል” ተብላ ወደ ቤቷ የተሸኘች፣ ሕመሟ ግን የሩዝ አረም ድካም የሆነ ሴት ትኖራለች። የእርሷ ኤም 1 ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ምልክት በወረቀቷ ላይ የለም።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ የራሱ ችግር አለበት። “ነቀርሳ” የሚለውን ቃል ለሳንባ በሽታም ለካንሰርም ስንጠቀምበት ኖረናል፤ ሕዝቡም ቃሉን ሲሰማ ወዲያው መቃብር ይታየዋል። ሐኪሙ “ዜሮ” ሲል ታማሚዋ “ድኛለሁ” ብላ ትሰማለች፤ ለክትትልም አትመለስም። ለሴትዮዋ የሚነገረው ቃል ከመዝገቡ ጋር ቢስማማ መልካም ነው። “እናቴ፣ ሳንባዎንና ጉበትዎን በዚህ መሣሪያ አይተናል፤ መሣሪያው ሊያየው የሚችለው ነገር አልተገኘም፤ የማያየው ሊኖር ስለሚችል ተመልሰው ይምጡ” ማለት ተስፋ አያስቆርጥም። የፎገራ ሰው ጣናን እያየ ያደገ ነውና ከላይ ጸጥ ያለ ውኃ ከሥሩ ምን እንዳለው ከላይ ሆኖ እንደማይታወቅ ማንም አይነግረውም። ቀጠሮው ሲሰጥ ግን የክረምቱ ወራት ይታሰብ፤ ለነሐሴ የተቀጠረች የዋገጠራ ሴት ብትቀር ጥፋቱ የእርሷ አይሆንም። ከሰኔ አጋማሽ በፊት ወይም ከመስከረም በኋላ ይሁን።